የዛፍ ላይ ሞስን ለይቶ ማወቅ፦ ከግንዱ እስከ ማይክሮስኮፑ

በሐሩር አገር ደን ውስጥ የዛፍ ቅርፊት ባዶውን አይገኝም። ሞስ፣ የዛፍ ሽበት፣ ፈርንና ኦርኪድ ተደራርበው ይበቅሉበታል። ከእነዚህ መካከል ሞሱን ነጥሎ ስሙን ማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶ አንስቶ ከሌላ ፎቶ ጋር ያስተያያል። ለአበባ ይህ ሊሠራ ይችላል፤ ለሞስ ግን አይበቃም። በዓለም ላይ ወደ 12,000 የሚጠጉ የሞስ ዝርያዎች ይታወቃሉ። አንዱ ከሌላው የሚለየው ከዛፉ ሥር ቆመው በሚያዩት መልክ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ማስረጃ የቅጠሉ ህዋስ አደራደርና በስፖር ቋቱ አፍ ዙሪያ ያሉት ጥርሶች ናቸው። መልክን አምኖ መመደብ ሙያተኞችን ሳይቀር ለረጅም ዘመን አሳስቷል፤ ለዚህ መመሪያ ምሳሌ ያደረግሁት ሞስም እንዲህ ያለ ስሕተት የተፈጸመበት ነው።

ስሙ ኦክቶብሌፋረም አልቢደም ይባላል። በአፍሪካ፣ በአሜሪካና በእስያ ሞቃትና እርጥብ ቆላዎች ይበቅላል። የዘንባባ ግንድ በጣም ይወዳል፤ ከተማ ውስጥ በተተከሉ ዘንባባዎች ላይ ሳይቀር ይገኛል። የመረጥሁት ለጀማሪ ዓይን ቀላል ሆኖ ሳለ የሞስ ምርመራን ዋና ዋና ችግሮች ስለሚያሳይ ነው። በሐረና፣ በቦንጋ ወይም በሸካ ደን ውስጥ በዋንዛ፣ በሰሳና በኮሶ ላይ የሚያዩአቸው ሞሶች አብዛኞቹ ከእሱ የተለዩ ናቸው። የምርመራው ቅደም ተከተል ግን የትም ቢሆን አንድ ነው።

ለመውጣት ሲዘጋጁ

ዋናው መሣሪያ 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር ነው። 20 ጊዜ የሚያጎላ ካለዎት ይያዙት፤ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ስለሚጠፋ ግን ለመልመድ 10 ይሻላል። ሌላው ከቤት የማይጠፋ ነው፦ ሰንጢ፣ እርሳስ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ ትንሽ የውኃ ጠርሙስና በርከት ያለ ወረቀት። ወረቀቱን በፖስታ ቅርጽ አጥፈው ናሙናውን ያስቀምጡበታል፤ ጋዜጣም ይሆናል። ላስቲክ አይጠቀሙ። እርጥብ ሞስ በላስቲክ ታሽጎ ካደረ ይሻግታል፣ ለምርመራም አይሆንም። በእርሳስ የሚጻፈው ውኃ ስለማያጠፋው ነው።

ናሙና ከመንካትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚመራ ሲሆን፣ ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆኑ የፓርኩ አስተዳደርም ማወቅ አለበት። የገበሬ ማሳ ወይም የቡና ጓሮ ከሆነ ባለቤቱን ማስፈቀድ የግድ ነው። የዛፉን የአካባቢ ስምና ዕድሜ ከባለቤቱ የተሻለ የሚነግርዎ ሰው ስለሌለ፣ ይህ ውይይት ራሱ የምርመራው አንድ ክፍል ነው።

ሞስ መሆኑን ማረጋገጥ

አጉሊ መነጽሩን ከዓይንዎ ጋር አስጠግተው ይያዙና ናሙናውን ጥርት ብሎ እስኪታይ ወደ መነጽሩ ያቅርቡ። ብዙ ሰው መነጽሩን ወደ ዛፉ አስጠግቶ ራሱ ራቅ ብሎ ስለሚያይ ግማሹን ዝርዝር ያጣል።

አሁን የሚጠይቁት ቅጠል አለው ወይ የሚለውን ነው። ከቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ የሚታየው ግራጫ ወይም አረንጓዴ ቢጫ ክር፣ ብዙዎች የዛፍ ሽበት የሚሉት፣ ቅጠል የለውም። እሱ ፈንገስና አልጌ በአንድነት የሚኖሩበት ፍጥረት ነው። ኡስኒያ ከሚባለው ወገን ከሆነ አንዱን ክር ቀስ ብለው ሲስቡት የላይኛው ሽፋን ይበጠስና ከውስጥ የሚለጠጥ ነጭ ጅማት ይወጣል። ሞስ እንዲህ አያደርግም። በአሜሪካ ከዛፍ ላይ የሚንዘረፈፈውና በተለምዶ የስፓኝ ሞስ የሚባለው ደግሞ ፈጽሞ ሞስ አይደለም፤ ከአናናስ ጋር የሚዛመድ አበባ የሚያብብ ተክል ነው።

ከባዱ ሊቨርዎርትን መለየት ነው፤ እሱም ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠል ያለው የሞስ የሩቅ ዘመድ ነው። ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ ከሥራቸው ሌላ የትንንሽ ቅጠሎች ረድፍ ካለ፣ ወይም የቅጠሉ ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ሊቨርዎርት ነው ብለው ይጠርጥሩ። የሞስ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ግንዱን ዙሪያውን ይከባል፤ በብዙዎቹም መሀል ለመሀል የሚሄድ ጅማት ይታያል። ሊቨርዎርት ይህ ጅማት የለውም። ጅማት የሌላቸው ሞሶችም ስላሉ ግን በዚህ አንድ ምልክት ብቻ አይወስኑ።

ማንሳትና መመዝገብ

የሚወስዱት ጥቂት ይሁን። ከሁለት ጣት ስፋት ያልበለጠ ቁራጭ ለማንኛውም ምርመራ ይበቃል። በቅርፊት ላይ የጠፋ ሞስ ተመልሶ ቦታውን እስኪሞላ ረጅም ጊዜ ይወስዳልና ብቸኛ ሆኖ ካገኙት ፎቶ አንስተው ይተዉት። ሲያነሱ ሰንጢውን ከሥሩ አስገብተው፣ ቅርፊቱን ሳይጎዱ፣ ከነሥር መሰል ክሮቹ ይፈልቅቁት። የስፖር ቋት ያላቸውን የሞስ ግንዶች ይምረጡ። ቀጭን ዘንግ ላይ የቆሙ ትንንሽ ቋቶች ካዩ ሥራዎ በግማሽ ቀለለ።

ቋቱ ከየት እንደወጣ እዚያው ያስተውሉ። ከግንዱ ጫፍ ላይ ከበቀለ ሞሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የሚያድግና ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅል ነው። ከጎኑ ከወጣ ደግሞ የሚሳብ ወይም የሚንጠለጠል፣ ቅርንጫፉ የበዛ ዓይነት ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን ሞሶችን በሁለት ትላልቅ ጎራዎች ይከፍላቸዋል። በደጋ ደን ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠሉት ሞሶች በጅምላ ሲታዩ ሁለተኛው ጎራ ናቸው። ኦክቶብሌፋረም የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ማስታወሻ ይጻፉ። ቦታ፣ ቀን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታና ስልክዎ የሚሰጥዎ የጂፒኤስ ቁጥር ሳይጻፉ መቅረት የለባቸውም። ብዙዎች የሚረሱት ስለ ዛፉ ነው። የዛፉን ዝርያ፣ ቅርፊቱ ሻካራ ወይም ለስላሳ መሆኑን፣ የግንዱን ውፍረት፣ ሞሱ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደነበረ፣ ፀሐይ ወይም ጥላ እንደሚያገኝ ይመዝግቡ። ዮሃንሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው የምዕራብ አፍሪካ ደን ጥናት አንድን ዛፍ ለአምስት ቀጠና ከፍሎታል፦ የግንዱ ታችኛ ክፍል፣ ከዚያ በላይ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ያለው ግንድ፣ ከዚያም የቅርንጫፎቹ ውስጠኛ፣ መካከለኛና ውጫዊ ክፍል። እርስዎም ቀጠናውን በቁጥር ቢጽፉ ሌላ ሰው ማስታወሻዎን ያለ ግምት ይረዳዋል። እርጥበት፣ ብርሃንና ነፋስ በእነዚህ ቀጠናዎች ስለሚለያዩ ከሥር የሚበቅለው ሞስ ከላይ ከሚበቅለው ብዙ ጊዜ የተለየ ነው።

ፍለጋዎን በደን ብቻ አይወስኑት። ሂላንደርና ነሞምሳ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ የጓሮ ቡና በዛፍ ላይ ለሚኖሩ ዕፅዋት መጠለያ እንደሚሆን አሳይተዋል። ከቤትዎ ጀርባ ያለው የጥላ ዛፍ ጥሩ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ናሙናውን ከነወረቀቱ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ያድርቁት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ በከባድ ነገርም አይጫኑት። ሞስ ደርቆ ዓመታት ከቆየ በኋላም ውኃ ሲነካው ቅርጹን መልሶ ስለሚይዝ ለምርመራ ከማያስቸኩሉ ዕፅዋት አንዱ ነው።

ደረቁን ማየት፣ ከዚያ ማርጠብ

ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ ደረቁን ይመልከቱ። ቅጠሉ ሲደርቅ ተጠቅልሏል? ወደ ግንዱ ተጣብቋል? ወይስ እንደ ተዘረጋ ቀርቷል? ይህን ሳይጽፉ ውኃ አይጨምሩ፤ መለያ ቁልፎች (በየደረጃው ምርጫ እያቀረቡ ወደ ስሙ የሚመሩ መመሪያዎች) ደጋግመው የሚጠይቁት ስለ ደረቅ ሁኔታው ነው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ያድርጉበትና ለውጡን ይከታተሉ።

ኦክቶብሌፋረም አልቢደም ሲደርቅ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴም ሐምራዊ ወይም ሮዝ ጥላ ያለበት ነው። ቅጠሎቹ ወፈር ያሉ፣ ጠባብና ረጅም፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ናቸው። ሲደርቁ አይጠቀለሉም ማለት ይቻላል፤ በጣት ሲነኩ ግን በቀላሉ ይሰበራሉ። ውኃ ሲያገኝ ቅርጹ ብዙም ሳይለወጥ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ምክንያቱ የቅጠሉ አሠራር ነው። አብዛኞቹ ህዋሶቹ ሞተው ባዶ የቀሩ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ናቸው። አየር ሲሞላቸው ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ውኃ ሲሞላቸው ብርሃን ያሳልፉና በመካከላቸው የተደበቁት አረንጓዴ ህዋሶች ይገለጣሉ። ዝናብ ቆሞ በቶሎ በሚደርቅ የዘንባባ ግንድ ላይ እንዴት እንደሚኖር የሚያስረዳውም ይኸው ነው።

በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ቀጫጭን ክሮች ካዩ ያለ ስፖር የሚራባባቸው ቁርጥራጮች ሊሆኑ ይችላሉና ይመዝግቡ። በጣም አረንጓዴ ሆኖ በቅጠሉ ጫፍ ላይ የእነዚህ ክሮች ጉብታ ያለበት ሞስ በዚያው ግንድ ላይ ካገኙ ግን የካሊምፐረስ ወገን መሆኑን ያስቡ። እሱም የቆላ ዛፎች ነዋሪ ነው፤ ቅጠሉ ስስና ግልጽ የመሀል ጅማት ያለው ስለሆነ ይለያል።

ምላጭና ማይክሮስኮፕ

ይህን ክፍል ብዙ ጀማሪ ይፈራዋል፤ የሞስ ምርመራ እውነተኛ ደስታ ያለው ግን እዚህ ነው። 40 እና 400 ጊዜ የሚያጎላ ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይበቃል።

አንድ ግንድ በሞቀ ውኃ ጠብታ ውስጥ ያርጥቡ። በቀጭን ወረንጦ የግንዱን ጫፍ ይዘው በሌላ ወረንጦ ቅጠሎቹን ወደ ታች እየሳቡ ከሥራቸው ይንቀሉ። ቅጠሉ ከነመሠረቱ መውጣት አለበት፤ ዋና ዋና ምልክቶች ያሉት መሠረቱ ላይ ነው። ከግንዱ መሀል ያሉትን ይምረጡ። ከጫፍ ያሉት ገና ያልበሰሉ፣ ከሥር ያሉት ደግሞ ያረጁ ናቸው። በስላይድ ላይ ዘርግተው በስስ መሸፈኛ መስታወት ይክደኑ።

የኦክቶብሌፋረም ቅጠል ከሥሩ ግራና ቀኝ ስስና ብርሃን አሳላፊ ክንፍ አለው። ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ግን በሙሉ ማለት ይቻላል የመሀል ጅማቱ ነው፤ ጅማቱ ሰፍቶ የቅጠሉን ቦታ ወርሶታል። ጀማሪ እዚህ ላይ ጅማት የለውም ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ከላይ ማየት አይበቃም፤ ቅጠሉን አግድም መቁረጥ ያስፈልጋል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። እርጥብ ግንዱን ከነቅጠሎቹ ስላይድ ላይ ያስተኙት። ሌላ ስላይድ በላዩ አድርገው በጣትዎ ይጫኑት፤ የሚቆረጠው ክፍል ብቻ ከጠርዙ ወጣ ይበል። አዲስ ምላጭ የላይኛውን ስላይድ ጠርዝ አስደግፈው ወደ ታች ይቁረጡ። ከዚያ ስላይዱን እጅግ በትንሹ ወደ ኋላ እያንሸራተቱ፣ ጎመን እንደሚከተፍ፣ በተከታታይ ይቁረጡ። አብዛኛው ቁራጭ ወፍራም ይወጣል፤ ከሃያው ሁለት ወይም ሦስት ስስ ካገኙ ተሳክቶልዎታል። ያረጀ ምላጭ ቅጠሉን ይጨፈልቀዋልና አይቆጥቡ። ውኃ ጨምረው፣ ቁርጥራጮቹን በመርፌ አጋድመው፣ ከድነው ይመልከቱ።

በመሀሉ አንድ ረድፍ አረንጓዴ ህዋሶች፣ ከላይና ከታች ደግሞ ተደራርበው የተቀመጡ ትላልቅ ባዶ ህዋሶች ያያሉ። አሁን የአረንጓዴዎቹን ቅርጽ ይመልከቱ። ባለ ሦስት ማዕዘን ከሆኑ ኦክቶብሌፋረም ነው። ባለ አራት ማዕዘን ከሆኑ እጅግ የሚመሳሰለው ሊውኮብሪየም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ነጣ ያለ ወፍራም ቅጠል ያለው፣ በመሬት፣ በወደቀ ግንድና በዛፍ ሥር የሚበቅል ሞስ ነው። በቅጠሉ መሀል ለመሀል ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የጠባብ ህዋሶች ቀጭን ጅማት ካለ ደግሞ ሊውኮፋነስ የሚባለውን ሦስተኛ ወገን ያስቡ። ሦስቱን በዓይን መለየት ለለመደ ሰውም ያዳግታል። ይህ ቁራጭ ግን በአንድ እይታ ይለያቸዋል።

ጥርሶቹን መቁጠር

የበሰለ የስፖር ቋት ካለዎት ቆቡንና ክዳኑን በመርፌ ያንሱ። የቋቱ አፍ በጥርሶች የተከበበ ሆኖ ይታያል። እነዚህ ጥርሶች እርጥበት ሲለዋወጥ እየተንቀሳቀሱ የስፖሩን አወጣጥ ያግዛሉ። ቁጥራቸው በሞሶች ዘንድ የአራት ብዜት ነው፤ ብዙ ጊዜ 16 ይሆናሉ። ኦክቶብሌፋረም አልቢደም 8 ብቻ አለው። ሊውኮብሪየምና ሊውኮፋነስ 16 አላቸው። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር፣ 16 ጥርስ ያላቸው የኦክቶብሌፋረም ዝርያዎችም መኖራቸው ነው። ስለዚህ ወገኑን የሚያረጋግጥልዎ የቅጠሉ ቁራጭ ሲሆን፣ የጥርሱ ቁጥር ዝርያውን ለመለየት ይረዳል። ቋቱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ዘንጉም አጭር መሆኑን በማስመሪያ ለክተው ይጻፉ። ቋት ካላገኙ ወቅቱ ሲቀየር ወደዚያው ዛፍ ይመለሱ፤ መዝገብዎ ትክክል ከሆነ ዛፉን ያገኙታል።

በየትኛው አስተኔ ሥር?

እዚህ ላይ ነው የምሳሌያችን ታሪክ የሚያስተምረው። የሞስ ሳይንሳዊ ስም አሰጣጥ መነሻ፣ ስፋግነም ከሚባለው ወገን ዘመዶች በቀር፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1801 ነው፤ የላይፕዚጉ ሐኪም ዮሃነስ ሄድቪግ ከሞተ በኋላ የታተመው መጽሐፍ መነሻ ሆኖ ተወስዷል። ኦክቶብሌፋረም አልቢደም የሚለው ስምም በዚያ መጽሐፍ የወጣ ነው። ስሙ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲጸና አስተኔው፣ ማለትም የሚዛመዱ ወገኖችን የሚያቅፈው ሰፊ ምድብ፣ ግን ተቀያይሯል። ነጭና ወፍራም ቅጠል ስላለው ለረጅም ጊዜ ከሊውኮብሪየም ጋር በአንድ አስተኔ ተመደበ። ባዶ የውኃ ህዋስ መሥራት ግን በተለያዩ የሞስ መስመሮች ለየብቻ የተገኘ መላ ነው። የጥርሱ አሠራርና በኋላም የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ለካሊምፐረስ ይበልጥ እንደሚቀርብ አሳዩ፤ ያ ስስ ቅጠል ያለውና ምንም የማይመስለው አረንጓዴ ጎረቤቱ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ካሊምፐራሴ ተዛወረ፤ ዛሬ ደግሞ ብዙዎች ኦክቶብሌፋራሴ በሚባል የራሱ አስተኔ ያስቀምጡታል።

ይህ ለእርስዎ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የድሮ መጽሐፍ ሲያገላብጡ በአንድ አስተኔ ብቻ አይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የብራዚል ጥናት እንኳ ይህን ሞስ በሊውኮብሪየም አስተኔ ሥር ነው የጠቀሰው። የአሁኑን ስም ለማጣራት የሚዙሪ መካነ ዕፅዋት የሚያዘጋጀው ትሮፒኮስ የተባለው የመረጃ ቋት ይጠቅማል። ለሐሩር አሜሪካ ግራድስታይን፣ ቸርችልና ሳላሳር አየን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት መመሪያ አለ፤ ሳላሳር አየን የፓናማ ሊቅ ስትሆን በዚሁ በኦክቶብሌፋረም ላይ ብዙ የሠራች ናት። ለአፍሪካ ኦሼ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ከሰሐራ በታች ያሉ ሞሶች ዝርዝር በየአገሩ የተመዘገበውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ትልቁ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ስምንት ጥራዝ ቢሆንም ሞስን አያካትትም። ስለዚህ ከአገራችን ዛፍ በጥንቃቄ የተሰበሰበ እያንዳንዱ ፖስታ ክብደት አለው፤ ይህን የምለው ለማበረታቻ ብቻ አይደለም።

መለያ ቁልፍ ሲጠቀሙ በየደረጃው ሁለት አማራጭ ይቀርብልዎታል፤ አንዱን መርጠው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እርግጠኛ ካልሆኑ ሁለቱንም መንገድ እስከ መጨረሻው ይከተሉና የሁለቱን መዳረሻ ገለጻ ከናሙናዎ ጋር ያመሳክሩ። ቁልፉ የሚሰጥዎ ስም ግምት ነው። ማረጋገጫው ሙሉውን ገለጻ ነጥብ በነጥብ ማስተያየትና፣ የሚቻል ከሆነ፣ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር ጎን ለጎን ማየት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ብሔራዊ ኸርባሪየም ለዚህ ዓይነት ሥራ የተቋቋመ ቤት ነው።

ስሙን መጻፍ

ወገኑን አውቀው ዝርያውን ካላረጋገጡ በወገኑ ይቁሙ፤ «ኦክቶብሌፋረም፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ የተሟላ ውጤት ነው። በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ሲጠቀስ ይኖራል፤ የሚያርመው ሰው ደግሞ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

በፖስታው ላይ ሳይንሳዊውን ስም በላቲን ፊደል፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን፣ የዛፉን ስምና ቀጠናውን፣ የሰብሳቢውን ስምና መለያ ቁጥር ይጻፉ። ስሙን የለየው ሰብሳቢው ካልሆነ የእሱም ስምና ቀን ይግባ። ያዘጋጁትን የቅጠል ቁራጭ ፎቶ፣ ወይም በእጅ የተሠራ ሥዕል፣ አብረው ያስቀምጡ፤ ቀጣዩ መርማሪ ናሙናውን ዳግም ሳይቆርጥ ማየት ይችላል። ባለሙያ አይቶት ስሙን ከለወጠው የድሮውን አይፋቁ። አዲሱን ስም፣ የባለሙያውን ስምና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከጎኑ ይለጥፉት።